የእንግዳ ዋጋ በደብሪቱ ግቢ

ደብሪቱን የሚያውቁ ሰዎች ደግ ሴት ነበረች ይላሉ። እኔ ደግ አልነበረችም አልልም። ክፉም አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮማ ተገላግዬ፣ እትፍ ብዬባት፣ ረስቻት ነበር። የሚያንገሸግሸኝ እንደኔና እንደናንተ ያለች ሰው መሆኗ ነው። ገዳሪፍ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። አልጋዋን ጠፍሬ፣ አንሶላዋን አጥቤ፣ እንጀራዋን በልቼ ነው የኖርኩት፤ ልናገር ብል ከልካይ የለኝም። ስሜ ማሬ ነው።

ትውልዷ ቋራ ነው። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ የገባችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ልትሠራ ነበር። በየዓመቱ ከጎንደር ደጋ እየወረደ በሱዳኖች እርሻ ላይ የሚያርመውንና የሚያጭደውን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉግ ቀን ወገቡ እስኪቆረጥ ያጭዳል፤ ከተማ ሲገባ ደግሞ ገበያ መሐል ጆንያ አንጥፎ ይተኛል። ሌባ ኪሱን ይዳብሰዋል፣ ጊንጥ ይነድፈዋል። ደብሪቱ ይህን አየች። ወጥ እየሠራች ያጠራቀመቻትን ይዛ ከእህል ገበያው ጀርባ አራት የጭቃ ክፍልና አንድ የሣር ዳስ ያለው ግቢ ተከራየች። ሃያ ሁለት አንገረብ አስገባችበት፤ አንገረብ የሱዳን የጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ በላላ ቁጥር የምወጥረው እኔ ነበርኩ፤ መዳፌን ብታዩት እስካሁን ገመድ የበላው ነው።

"አልጋ እንደ ሽንኩርት ነው ማሬ፤ ወቅት አለው" ትለኝ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፣ ዋጋ ስታወጣ ግን የተማረ ታስንቃለች። በሰኔ፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና፣ አልጋው በአሥራ አምስት ቂርሽ ነው። "በሰኔ አንገረቤ ላይ የሚተኛው ድመት ነው፤ ከድመት ሰው ይሻላል" ትላለች። አረም ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ሰሊጥ ሲደርስ ግን አንድ ጂኔ፣ ድፍን አንድ የሱዳን ፓውንድ፣ መቶ ቂርሽ! ሰሊጥ አይጠብቅማ። ከደረቀ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ባለእርሻው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰው ይጠራል፣ ሳሉጉም በአንድ ሳምንት ከተማውን ያጥለቀልቀዋል። ሰሊጡ ተወቅቶ የማሽላ አጨዳ ሲገባ ዋጋዋን መልሳ ታወርዳለች። ሳሉጎቹ "ኧረ እትዬ፣ ቆዳችንን ገፈፉን!" እያሉ ይስቃሉ፣ ይከፍላሉም። እኔም ያኔ ጎበዝ ሴት ናት እል ነበር።

ደንቧ የመጣው በጠብ ነው። አንድ ዓመት አንድ ካቦ "አሥራ አምስት ሰው ይዤ እመጣለሁ፣ አልጋ ያዢልኝ" ብሎ በሰው ላከባት። ያዘችለት። ሁለት ቀን ጠብቃ ሲቀርባት ለሌሎች ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ካቦው ከነሰዎቹ ከተፍ አለ። ዱላ ተማዘዙና የአንዱ ጎረምሳ ዓይን ጠፋ። ደብሪቱ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ላልከፈለ አልጋ አይያዝም ተባለ። ቀብድ የተከፈለበት አልጋ ደግሞ ባዶም ቢያድር ማንም አይነካውም፤ ከፍሎ የቀረ ሰውም ቀብዴን መልሱልኝ አይልም። አያ ገብረ ሥላሴ የሚባል፣ ድቁና ጀምሮ ያቋረጠና ገዳሪፍ ላይ የመኪና ጎማ የሚለጥፍ የአገራችን ሰው ነበር። እሱ የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ዘርግቶ ዋጋውንም ደንቡንም በቀይ ቀለም ጻፈላትና በሩ ላይ ተሰቀለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠብ አላየሁም። "የደብሪቱ ቃል ቃል ነው" ተባለላት። ይህን ስትሰማ ፊቷ ይወዛ ነበር።

ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ከወዲያም ከወዲህም ቀረ። የጎንደር ደጋ ነደደ፣ የገዳሪፍም ሰሊጥ ክንድ ሳይሞላ ደረቀ። የሚታጨድ ስለሌለ ሳሉጉ አልመጣም። በሱ ፈንታ ቤተሰብ መጣ፤ ሽማግሌ፣ አራስ፣ ሕፃን፣ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው። ከነሱ ኋላ ደግሞ ከዋጃ መጣ፤ ነጩን ሁሉ ከዋጃ ነው የምንለው። ባንዲራ በተተከለበት መኪና፣ የሚያድርበት ቤት እየፈለገ መጣ። ያኔ ነው የከተማው ሰው ያበደው። ጣራ ያለው ሁሉ አከራይ ሆነ። የአህያ በረቱን ጠርጎ፣ ኖራ ቀብቶ፣ ለሾፌሮች ያከራየ ሰው በስም አውቃለሁ። የረሃብተኛ ሬሳ በጋሪ ባለፈ ቁጥር የክፍል ዋጋ ይጨምራል፤ ብዙ ሬሳ ማለት ብዙ ከዋጃ ማለት ነበርና። ይህን ስናገር አሁንም ቋቅ ይለኛል።

ደብሪቱ ሃያ ሁለት አልጋዋ ባዶ ሆኖባት ወር ሙሉ ስትብሰለሰል ከረመችና አያ ገብረ ሥላሴን ከነቀለሙ አስጠራችው።

"ከሥር አንድ ወቅት ጨምርልኝ" አለችው። "ያንዱ አልጋ አራት ጂኔ።"

"አራት? ከሰሊጡ አራት እጥፍ? ምን ወቅት ብዬ ልጻፈው፣ የረሃብ?"

"አፍህ ውስጥ አመድ! ረሃብ ብለህ በሬ ላይ ትለጥፍብኛለህ?" አማተበች። "የእንግዳ በል። የእንግዳ ወቅት።"

አያ ገብረ ሥላሴ ቡሩሹን አወረደ። "ደብሪቱ፣ እንግዳ ይከፍላል እንዴ? አንቺ የቋራ ሰው አይደለሽም?"

"ሱዳኖቹም ተከራያቸውን ዴፍ ነው የሚሉት፤ ዴፍ እንግዳ ነው። ከነሱ እኔ ልበልጥ ነው? ጻፍ!"

ጻፈ። ሲጨርስ "እንግዲህ የአብርሃም ቤት ዋጋ ወጣለት" ብሎ ቀለሙን ይዞ ሄደ። እኔና ደብሪቱ በሳቅ ፈረስን። አልደብቅም፣ እኔም ስቄያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ከማሉ መጣ። ከማሉ ድሮ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጨርቁን ትቶ የከዋጃ ቤት ደላላ ሆኗል። "ደብሪቱ እህቴ፣ ዕድልሽ በርቷል" አላት። "ስድስት ሐኪሞች ከነሾፌሮቻቸው ለረሃብተኛው መጥተዋል። ግቢውን በሙሉ ለሃያ ቀን ይፈልጉታል፣ በእንግዳ ዋጋሽ።" የግማሹን ቀብድ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላት። ሆኖም ነገር አለው። ግድግዳው ኖራ ይቀባ፣ በየአልጋው አጎበር ይሰቀል፣ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ይውጣ። ለጽዳት እኔና እሷ ብቻ፣ ሁለት ሰው፣ በሩ አጠገብ ባለችው ዕቃ ቤት እንቀመጥ። በሽተኛ የሚባል ዝር እንዳይል።

ካምናው አጨዳ የቀሩ አምስት ሽማግሌ ሳሉጎች አገራቸው የሚመለሱበት አጥተው ራኩባው ሥር፣ የሣር ዳሱ ውስጥ፣ ይተኙ ነበር። ውጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ኖራውን ቀባን፣ ጠፍሩን ሁሉ እንደ አዲስ ወጠርኩ፣ የሃያ ሁለቱን አልጋ አጎበር ሰቀልን። ቀብዱ በሱ አለቀ። ግቢው ሙሽራ የሚገባበት መሰለ። ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ከዋጃዎቹ ይመጣሉ ተብሎ በር በሩን ስናይ ዋልን፤ አልመጡም። በሃያ ሦስትም አልመጡም። ከማሉ "ፈቃዳቸው አላለቀም፣ ቡክራ ይመጣሉ" ይላል። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ የሱዳን ነገ ደግሞ እንደማይደርስ ታውቃላችሁ።

ኅዳር ሃያ አራት ቀን፣ ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን!"

ፀሐይ አናት ትበሳለች። እኔና ደብሪቱ ተያየንና ሳቅን። "ማነው በጠራራው የመሸበት?" አለችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ጋረደው ነበር። ጋረደው የበለሳ ሰው ነው። ስድስት ሰሊጥ እኛ ዘንድ እያደረ ያጨደ፣ ሲገባ "እትዬ፣ ዙፋኔን ያራግፉልኝ!" እያለ የሚጮኽ ቀልደኛ ነበር። ያን ቀን የቀለደ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ኪሱ ባዶ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው አልጋ አምጡ ብሎ አይጮኽም። ስለዚህ አባቱ በማያውቁት አገር ሲመሽባቸው እንደሚሉት አለ። ከዚያ ሌላ መጠለያ የሚለመንበት ቃል አያውቅም፤ ቢመሽም ባይመሽም። እኛ አገር ደግሞ ለዚያ ቃል መልሱ አንድ ነው፦ ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ። ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው አላየሁም፣ የሰጠም ቢኖር ዘር አይወጣለትም ይባላል።

ከኋላው ሚስቱ አሰጋሽ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። እጇ ጭራሮ ሆኗል፤ የቀራት ሆዷ ብቻ ነው። ሆዷ ግን ሙሉ ነው።

"ውይ ጋረደው! ልጄን! ምን አገኘህብኝ!" ደብሪቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነው ያለቀሰችው።

"እትዬ፣ ሃያ ቀን በእግር ነው የመጣነው" አላት። "ወሯ ገብቷል። ዓርብ የስደተኛ መኪና ወደ ካምፕ ይወስዳችኋል ብለውናል፤ እስከዚያ ጥላ ብቻ ነው የምንፈልገው። እንግዶችዎ ነን።"

እንግዳ ሲል ዓይኗ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። አየኋት፣ አጠገቧ ነበርኩ።

"አንተ ደንቤን ታውቃለህ ልጄ" አለችው። "ግቢው በእንግዳ ተይዟል። ቀብድ ተቀብያለሁ።"

"እኛስ ምንድን ነን እትዬ?"

"እናንተማ የአገር ሰው ናችሁ።"

እንደዚህ አለችው፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋረደው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ነጩ አጎበር ከአልጋ እስከ አልጋ ተሰልፏል። "ባዶ ነው እኮ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ባዶም ቢያድር አይነካም። ይህን አንተ ታጣዋለህ? ያን ዓመት ቀብድ ከፍለህ ሦስት ቀን ዘግይተህ ስትመጣ አልጋህን ለሰው ሰጠሁብህ?"

"አልሰጡብኝም።"

"ቃሌን አጠፍኩ?"

"አላጠፉም እትዬ። እውነትዎን ነው" አለና አንገቱን ደፋ። ቢሰድባት፣ ድንጋይ ቢያነሳ ምን ነበረበት? የለም፣ ገባው፤ ደንቡ እሱንም ጠቅሞታልና። አሰጋሽን ደግፎ ከግንቡ ውጭ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጣት። "ቤቱ ሞልቷል፣ እስከ ዓርብ እዚህ እናሳልፋለን" ሲላት ሰማሁት።

ደብሪቱ ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳይመስላችሁ። ቂጣ ጋግራ፣ ሽሮ ሠርታ፣ በእንስራ ውኃ ሞልታ በበሩ ስንጥቅ ታወጣላቸው ጀመር። በቀን ሦስቴ "በልተዋል? ውኃ አላቸው?" ትለኛለች። ሁለት ጆንያ ሰጠቻቸው። ማታ ማታ ደጁ ሲበርድ "ወይኔ እነዛ ልጆች!" እያለች ትገላበጣለች። እኔም ጆሮዬን ብይዝም እሰማታለሁ፤ ያን "ወይኔ" ከምሰማ ብትሰድባቸው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ደፈርኩና "እትዬ፣ አሰጋሽ እኛ ጋ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ብትገባስ?" አልኳት።

"ሁለት ሰው ብቻ ነው የተፈቀደልን። ከዋጃዎቹ ዛሬ ቢመጡና ሦስተኛ ቢያዩ፣ ያውም ሞት አፋፍ ላይ ያለች፣ ገንዘባችንን መልሺ ይሉኛል። ከየት አመጣለሁ? ግድግዳውን ልፋቅላቸው?" ከዚያ አቀርቅራ ጥፍሯን እያየች "አንቺ ትወጪላታለሽ?" አለችኝ።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ የኔን ቦታ መስጠት ነው። ቀላል ነበር። ምንጣፌን ተሸክሜ ሦስት እርምጃ መውጣት ነው። ነገር ግን ጣራ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን በየቀኑ በጋሪ ሲያልፍ እያየሁ ነበር፤ ሳል ነበረብኝ፤ አንዴ ከወጣሁ መልሳ ባታስገባኝስ አልኩ። ያልላላ ጠፍር ልወጥር ወደ ውስጥ ገባሁ። እንግዲህ ስለ ደብሪቱ ስናገር ራሴን ንጹሕ እያደረግሁ እንዳይመስላችሁ፤ አፈር ልብላ፣ ከሷ ይልቅ የምጸየፈው ያን ዝምታዬን ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት።

ከግቢው ፊት ለፊት ኢንቲሳር የምትባል ሱዳናዊት ሻይ ትሸጥ ነበር። ከባሏ ቤተሰብ ጋር አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል የምትኖር ድሃ ናት። ከሰሉን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ የተጎናጸፈችውን ቶብ ከላይዋ ገፍፋ በዛፉና በግንቡ መሐል ወጠረችው፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያይ። ራሷ በቀሚስ ብቻ ቀረች፣ መንገድ ዳር፣ በቀን ብርሃን። እኔ "ማርያም፣ ማርያም" እያልኩ የአሰጋሽን ወገብ ያዝኩ። ጋረደው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆሟል።

ደብሪቱ ከበሩ ስንጥቅ እጇን ታስወጣለች። ሙቅ ውኃ ሰጠች። ዘይት ሰጠች። አዲስ ምላጭ ሰጠች። ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ነጠላዋን ሰጠች። ከበሩ በቀር ሁሉን ሰጠች። አሰጋሽ አቅም አልነበራትም፤ ባማጠች ቁጥር ዓይኗ ይገለበጣል፤ የምትጋደምበት ጆንያ ከጠጠር ጋር ጀርባዋን ይልጠዋል። ከግንቡ ወዲያ፣ አሥር እርምጃ ሳይሞላ፣ እኔ የወጠርኩት አልጋ አለ። አልቻልኩም። ብድግ ብዬ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

"ክፈቺው! አንቺ ሴትዮ፣ ክፈቺው ነው የምልሽ!"

አሥር ዓመት አንቱ ስላት የኖርኩ ሴት ነኝ። በስንጥቁ ውስጥ ዓይኗን አየሁት፣ እንባ ሞልቶታል።

"አንቺ አልሽኝ ማሬ?" አለች። "በእንጀራዬ አድገሽ አንቺ አልሽኝ?"

ሰው መንገድ ላይ እየወለደ፣ ሰው እየሞተ፣ እሷን ያስለቀሳት የኔ አንቺ ማለት ነው! ጥያት ወደ አሰጋሽ ተመለስኩ። ኢንቲሳር ወደ በሩ ዞራ "ሐራም ዐለይኪ! ነውር ነው፣ ነውር!" ብላ ጮኸችባት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። ድመት አያክልም፣ ግን አለቀሰ። ኢንቲሳር በአገሯ ልማድ እልልታዋን ለቀቀችው፣ እኔም ተከተልኳት። ብታምኑም ባታምኑም፣ ከግንቡ ወዲያ ደብሪቱም እልል አለች። ሰባቴ፣ ለወንድ ልጅ እንደሚገባው፣ ሳታጓድል።

ያን ዕለት ጋረደው ልጁን በደብሪቱ ነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አደረገው። ኅዳር ነው፤ የገዳሪፍ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይገባል። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩን አስከፍቼ ስወጣ ጋረደው እንደዚያው ተቀምጧል። "ሞቋል ብዬ ነበር" አለኝ። "የሞቀው እኔ ነኝ ለካ።"

አያ ገብረ ሥላሴ አካፋና መቆፈሪያ ይዞ መጣ። ሕፃኑን ከእህል ገበያው ማዶ ወስደው ቀበሩት። ደብሪቱ መግነዣ የሚሆን አዲስ አቡጀዲ ላከች። ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ጥቁር ጨርቅ ራሷ ላይ አሰረች። እኔ እንባ አልወጣኝም።

ከቀብር እንደተመለሱ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ ከማሉ መጣ።

"ደብሪቱ እህቴ፣ ሐኪሞቹ አይመጡም። ሾዋክ ከተማ ቤት አግኝተው እዚያው ቀርተዋል" አላት።

ደብሪቱ ደረቷን ያዘች። "ቀብዱስ?"

"ያንቺ ነው። ደንብሽን ነግሬያቸዋለሁ፣ አልጠየቁም።"

"ግቢውስ? ከእንግዲህ የኔ ነው? ማንም አይከሰኝም?"

"ወላሂ ያንቺ ነው።"

ፊቷ በራ። በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ የጥምቀት ፀሐይ መሰለች። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ በሩን በሁለቱም በኩል ወለል አድርጋ ከፈተችው። አሰጋሽ ወተቱ ጡቷ ውስጥ አግቶ፣ ጆንያው ላይ እንደተኛች ናት፤ የጋረደው እጅ ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። ደብሪቱ ክንዷን ዘርግታ ወጣች።

"ግቡ! ግቡ ልጆቼ! ቤት የእግዜር ነው!" አለቻቸው። "አንዲት ቂርሽ አልቀበላችሁም፣ እስክትጠኑ ድረስ ተቀመጡ!"

አሁን ይተፋባታል ብዬ ጠበቅሁ። ትፍ በልባት፣ በልባት እያልኩ ነበር በልቤ። ጋረደው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ቤትዎን አይዝጋው" አላት። ከአንጀቱ ነው ያላት። ምን ያድርግ? ሚስቱ ጣራ ያስፈልጋታል። ደብሪቱ አንስታ አቀፈችው፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ "አየሽ ማሬ፣ እግዜር ሁሉንም በጊዜው ያደርገዋል" አለችኝ።

"እውነትዎን ነው እትዬ" አልኳት። አንቱ አልኳት። የማርፍበት ሌላ ቤት አልነበረኝማ።

ደብሪቱ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ዝናቡም ተመለሰ፣ ሰሊጡም፣ ሳሉጉም፤ እሷም ዋጋዋን በየወቅቱ እያወጣችና እያወረደች አረጀች። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር "በሰባ ሰባት፣ ሰው አንድ አልጋ በአራት ጂኔ ሲያከራይ፣ እኔ ረሃብተኛ ባልና ሚስት በነጻ አስተኝቻለሁ፤ ማሬ ትመስክር" ትል ነበር። ሰዎቹ ወደኔ ይዞራሉ። እኔም "አዎ፣ በነጻ ነው ያስተኟቸው" እላለሁ። ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ያን ሐሙስ ቀን አሰጋሽን አቅፌ አስገብቼ ከመጀመሪያው አልጋ ላይ አስተኛኋት። አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ኖራውን አየችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉትን አልጋዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"እታለም" አለችኝ። "ትናንትም ባዶ ነበር?"

"የለም" አልኳት። "ትናንት ሰው ነበረበት።"

አጎበሩን አወረድኩላትና ወጣሁ።